ማስጠንቀቂያ ለባለ መሬት ሽማግሌዎች

እኩዮቼ፣ ይህን የምጽፈው ለወጣቶቹ አይደለም። እነሱ መሬት የላቸውም። በ1989 ዓ.ም. በክልላችን መሬት ሲሸነሸን የደረሰን እኛ ነን፤ ከዚያ ወዲህ የተወለደው የእኛን ማሳ በእኩል ወይም በኪራይ ያርሳል። አፈሩ ሲበላሽ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ እንግዲህ ክርክር አያስፈልገውም።

እኔን የሚያስፈራኝ የፎስፈረስ ነገር ነው። በዩሪያ በኩል ተስፋ አለ። ነሐሴ 2017 ዓ.ም. መንግሥት ከዳንጎቴ ጋር ጎዴ ላይ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመገንባት ተፈራርሟል። ይቅናቸው። ነገር ግን ዩሪያ የሚሠራው ከአየርና ከተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ ፎስፈረስ ከአየር አይገኝም፣ ከድንጋይ እንጂ። የዚያ ድንጋይ የዓለም ክምችት 70 በመቶ ገደማ ደግሞ ያለው በሞሮኮና በምዕራብ ሰሃራ ነው። ወለጋ ውስጥ ቢኪላል የሚባል ቦታ የእኛም ድንጋይ አለ፤ የያዘው ፎስፈረስ ግን ስስ ነው። ስለዚህ «ጎዴ ሲያልቅ ማዳበሪያ ሞልቶ ይፈሳል» የሚል ወሬ ሰንበቴ ላይ ስሰማ እደነግጣለሁ። በ2014 ዓ.ም. ቻይና የራሷን ፎስፌት ወደ ውጭ እንዳይወጣ ስትገድብ፣ ወዲያውም የዩክሬን ጦርነት ሲከተል፣ ዋጋው የት እንደደረሰ አልረሳችሁትም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ደግሞ ገበሬው ገንዘቡን በእጁ ይዞ ማዳበሪያ አጥቶ አደባባይ ወጥቷል።

ይህ እንግዲህ የሰው እጅ ላይ ያለው ችግር ነው። የራሳችን ይብሳል።

አንድ ኩንታል ኤንፒኤስ ከ16 ኪሎ በላይ ንጹሕ ፎስፈረስ ይዟል። አንድ ኩንታል ስንዴ ከማሳው ይዞት የሚወጣው ከ300 እስከ 400 ግራም ነው። እስቲ አስሉት፤ የአንዱ ኩንታል ማዳበሪያ ፎስፈረስ ለ40 ኩንታል ስንዴ በቂ ነው። ከእናንተ ውስጥ በአንድ ኩንታል ማዳበሪያ 40 ኩንታል ጭማሪ ያፈሰ ካለ ይናገር! የቀረው የት ገባ? ከጎዛምን፣ ከስናን፣ ከማቻከል ቀይ አፈር አልወጣም፣ እዚያው ነው። አፈሩ ኮምጣጣ ሲሆን በውስጡ ያለው ብረትና አሉሚኒየም ፎስፈረሱን ጨምድዶ ይይዘዋል፤ ሰብሉ አጠገቡ እያለ ይራባል። በጮቄ ወገብ ገብስ የነበረበትን ማሳ ዛሬ እንግዶ የወረሰው በአጋጣሚ አይደለም፤ እንግዶ ኮምጣጣውን ከገብስ ይልቅ ይችላል። እኛ ግን ምርት ሲቀንስ «ማዳበሪያው አነሰ» እያልን በብድር እንጨምራለን።

ኮምጣጣን የሚያስለቅቀው ኖራ ነው። ኖራው ሩቅ አይደለም፤ ደጀን ይፈጫል። ችግሩ ብዛቱ ነው። ለአንድ ሄክታር ሠላሳና አርባ ኩንታል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጠይቃል፤ ከዘር በፊትም ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ተበትኖ በእርሻ ከአፈሩ ጋር መቀላቀል አለበት። የጭነቱ ዋጋ ያስመርራል፣ እውነት ነው። የዘንድሮን ማዳበሪያ ዋጋ ያየ ሰው ግን በጭነት ማሳበብ አይገባውም።

አባቶቻችን ኖራ ባይኖራቸው ግብጦ ነበራቸው። ግብጦን ዛሬ የምናውቀው በቆሎነቱና በአረቄው ብቻ ሆኗል። ክረምት ሲወጣ አንዱን ከነሥሩ ቀስ ብላችሁ ንቀሉና አፈሩን በውኃ አጥባችሁ እዩት፤ ከዋናው ሥር ላይ ቀጫጭን ሥሮች እዚህም እዚያም እንደ ጭራ ተሰብስበው ታገኛላችሁ። እነዚያ ሎሚ ውስጥ ያለውን ዓይነት አሲድ ወደ አፈሩ ያመነጫሉ፣ ብረትና አሉሚኒየም የያዙትንም ፎስፈረስ ያስለቅቃሉ። በዓለም ላይ ስለ ፎስፈረስ የሚያጠኑ ሰዎች ይህንኑ ተክል ሲመራመሩበት ኖረዋል፤ እኛ የደሃ እህል ብለን ወደ ዳር ገፋነው። ደግሞ ልብ በሉ፣ ግብጦ ፎስፈረስን ያስለቅቃል እንጂ አይፈጥርም። ፍሬውን ሸጠን ገለባውንም አግዘን ከወሰድን ማሳውን ይበልጥ ማራቆት ነው።

ከማሳ የሚወጣው ወዴት እንደሚሄድም አስቡት። የብቸናና የደጀን ጤፍ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ይገባል፤ የፋግታ ለኮማ የዲከረንስ ዛፍ ከሰልም እንዲሁ፣ አመዱ ሳይቀር እዚያው ይደፋል። ቤት የቀረውን ደግሞ እኛ እናጠፋዋለን። እበቱ ኩበት ሆኖ ይነዳል፣ አመዱ ጓሮ ይደፋል። ጓሮው በቆሎ ሲወፍር ሩቁ ማሳ የሚገረጣው ለምን እንደሆነ ማንም ሳይነግረን እናውቀዋለን፤ አመዱን ግን ወደ ሩቁ ማሳ ተሸክሞ የሚሄድ የለም።

አጥንትስ? በዐውደ ዓመት ማግሥት በደብረ ማርቆስ መንደሮች የሚጣለው አጥንት ለውሻና ለጅብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ዳዊት ሰሎሞንን ጨምሮ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ በኢትዮጵያ የሚጣለው አጥንት ቢሰበሰብ አገሪቱ በዓመት ከምትጠቀመው የፎስፈረስ ማዳበሪያ ከሩብ በላይ የሚሆነውን ሊተካ ይችላል። አጥንቱ መጀመሪያ ተቃጥሎ ከዚያ ነው የሚፈጨው። ሕመሙ ሳይታወቅ የሞተ ከብት አጥንት ግን አትንኩ፤ አባ ሰንጋ ከሆነ ሰውም ይገድላል።

አሁን ልናነሣው ወደምንፈራው ነገር ልምጣ። ኖራ አንዴ ከተበተነ ጥቅሙ ለበርካታ ዓመታት ነው። እኛ ደግሞ መሬታችንን የምናከራየው ለአንድ ዓመት ነው፤ ከርሞ ኪራዩን እንጨምራለን፣ ካልተስማማ ለሌላ እንሰጣለን። እንዲህ ያለ አራሽ ሠላሳ ኩንታል ኖራ ከደጀን ምን ብሎ ያስጭናል? ፍግስ ለማን ብሎ ይሸከማል? እሱን የሚያዋጣው የማዳበሪያ ከረጢቱን በትኖ የዘንድሮውን አፍሶ መሄድ ነው፤ አልፈርድበትም። ከረጢቱ ያልመጣ ዓመት ግን እሱ ወደ ከተማ ይሄዳል፣ ለእኛ ምንም የማያበቅል ቀይ መሬት ይቀርልናል።

ሕጉ ለረጅም ዓመት ማከራየትን አይከለክልም። ቢያንስ ለአምስት ዓመት ተዋዋሉ፣ ውሉንም አስመዝግቡት። የኖራውን ግዥና ጭነት ግማሹን እናንተ ቻሉ፤ ከአምስቱ ዓመት አንዱ ግብጦ ወይም ባቄላ እንዲዘራበት በውሉ ይግባ፣ ያን ዓመት ኪራዩን ቀንሱለት። ይህ የሚነገረው ደግሞ ከትንሣኤ በፊት ነው፤ ዝናቡ ከገባ በኋላ የተነሣ የኖራ ወሬ ለከርሞ ነው የሚሆነው።