64 ዓመት በምክር ቤት

ሕግ እንዲሠራ የተመረጠ ሰው በወንበሩ ላይ ስንት ዘመን መቀመጥ ይገባዋል? ይህ ጥያቄ ምክር ቤት በቆመበት አገር ሁሉ የሚነሣ ነው። አንዳንዱ፤ ሰው ቶሎ ቶሎ ቢለዋወጥ ይበጃል ይላል፤ አንዳንዱም፤ የተፈተነውን አውጥቶ ያልተፈተነውን ማግባት ጉዳት ነው ይላል። በዚህ ነገር የሚፈርድ ሰው ከመፍረዱ በፊት ሊመለከተው የሚገባ አንድ ምስክር አለ፤ ይኸውም በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ውስጥ በዊስኮንሲን ግዛት ያገለገሉት የሚስተር ፍሬድ ሪሰር ታሪክ ነው።

ሚስተር ሪሰር የግዛቲቱ ዋና ከተማ በሆነችው በማዲሶን በ1927 ዓ.ም. ተወለዱ፤ ከዚህ ጀምሮ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በባሕር ኃይል ገብተው አገለገሉ፤ ከዚያም ሕግ ተምረው ጠበቃ ሆኑ። በ1956 ዓ.ም. የ29 ዓመት ጐልማሳ ሳሉ ለሕግ መምሪያው ምክር ቤት ተመረጡ፤ በ1962 ዓ.ም. ወደ ሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ተሻገሩ፤ ከዚያም እስከ 2021 ዓ.ም. መባቻ ድረስ ከዚያው አልወጡም። ዘመኑ ሲደመር 64 ዓመት ይሆናል። በአሜሪካ ታሪክ፤ በግዛቶቹም ሆነ በዋሽንግተን ምክር ቤት፤ ይህን ያህል ዘመን ያገለገለ ሌላ ሰው አልተገኘም። በዋሽንግተን ረጅሙን ዘመን የተቀመጡት ሚስተር ጆን ዲንግል እንኳ የቈዩት 59 ዓመት ከጥቂት ቀን ነው።

ወንበሩን ከቤተ ሰባቸው ወረሱት የሚል ሰው አይጠፋም። በእርግጥ ቅድመ አያታቸው ክሌመንት ዋርነር፤ በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት አንድ ክንዳቸውን ያጡት ሰው፤ የዚሁ የዊስኮንሲን ምክር ቤት አባል ነበሩ፤ አያታቸውም አባታቸውም እንዲሁ። ነገር ግን አያታቸው ሪፐብሊካን፤ አባታቸው ፕሮግረሲቭ፤ እርሳቸው ደግሞ ዴሞክራት ስለ ነበሩ፤ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈው ሕዝብን ማገልገል እንጂ የወገን ስም አይደለም። ለሕግ መወሰኛው ምክር ቤት የሚመረጠው ሰው በየ4 ዓመቱ ወደ ሕዝብ ተመልሶ ድምፅ መለመን ስላለበት፤ ይህ ርስት ሊባል አይችልም። ይሁን እንጂ የማዲሶን ሕዝብ አብዛኛው የዴሞክራት ወገን በመሆኑ፤ ሚስተር ሪሰር አንዳንድ ጊዜ ያለ ተወዳዳሪ መመረጣቸው መዘንጋት የለበትም። ተወዳዳሪ የሌለው ምርጫ ሹመትን ይመስላል።

እንዲህ ያለ ረጅም ዘመን ለምን ይጠቅማል የተባለ እንደ ሆነ፤ የትንባሆው ሕግ መልስ ይሰጣል። ሚስተር ሪሰር ሰው በሚሠራበትና ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ትንባሆ እንዳይጤስ ለብዙ ዓመት ደከሙ። ዊስኮንሲን መጠጥ ቤት የበዛበት አገር በመሆኑ፤ የመጠጥ ቤት ባለቤቶች ማኅበር ሐሳቡን አጥብቆ ተቃወመ። ለአንድ ዘመን ብቻ የተመረጠ ሰው ቢሆን ኖሮ ሐሳቡ ሲወድቅ አብሮ በወደቀ ነበር። እርሳቸው ግን ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ጠበቁ፤ ሕጉም በ2009 ዓ.ም. ጸድቆ ከጁላይ 5 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀምሮ በምግብ ቤቱም በመጠጥ ቤቱም ተፈጻሚ ሆነ። ከ1906 እስከ 1917 ዓ.ም. የታነጸው የምክር ቤቱ ሕንፃ ሲታደስ ከተቈጣጠሩት ሰዎች አንዱ እርሳቸው ነበሩ፤ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ፕሬዚዳንትነትም በየጊዜው ከ20 ዓመት በላይ ተቀምጠዋል።

ከአገልግሎታቸው ሁሉ እጅግ የሚያከራክረው ግን በ2011 ዓ.ም. የሆነው ነው። በዚያ ዓመት አገረ ገዥው ስኮት ዎከር፤ የመንግሥት ሠራተኞች በማኅበር ሆነው ከአሠሪያቸው ጋራ የሚደራደሩበትን መብት አብዛኛውን የሚያስቀር ሕግ አቀረቡ። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባሎች 33 ናቸው፤ ገንዘብ የሚነካ ሕግ ለመወሰን ግን ቢያንስ 20 ሰው መገኘት አለበት። የሪፐብሊካን ወገን 19 ብቻ ነበሩ። ስለዚህ 14ቱ ዴሞክራቶች ፌብሩዋሪ 17 ቀን ከግዛቲቱ ወጥተው ወደ ጎረቤቷ ወደ ኢሊኖይ ሄዱ። የ83 ዓመቱ ሽማግሌ ሚስተር ሪሰርም አብረው ተሰደዱ።

ይህ ሥራ እንዴት ይመዘናል? ዳኛ ፍርዱን ስለ ጠላ ከችሎት ቢሸሽ ማንም አያመሰግነውም። እንዲመክር የተላከም ሰው ከምክሩ ቦታ ሲጠፋ የላከው ሕዝብ ድምፅ አጣ ማለት ነው። በሌላ በኩል፤ ምልዓተ ጉባኤ የሚባለው ደንብ የተሠራው ጥቂቶች እንዲታሰቡ ነው፤ ደንቡን ተጠቅሞ ጊዜ መግዛት ሕግ መጣስ አይደለም። ከሁለቱ የቱ ይመዝናል ቢባል፤ ሽሽቱ አንድ ጊዜ ለመከራ ቀን ይፈቀድ ይሆናል፤ ልማድ የሆነ እንደ ሆነ ግን ምክር ቤቱን ባዶ ቤት ያደርገዋል። የዚያ ቀን ፍጻሜም ይህን ያሳያል። ሪፐብሊካኖቹ ገንዘብ የሚነካውን ክፍል ከሕጉ አውጥተው ማርች 9 ቀን ያለ እነርሱ አጸደቁት፤ አገረ ገዥውም ማርች 11 ቀን ፈረሙበት፤ 14ቱ በማግስቱ ተመለሱ። ክርክሩ ግን በዚያ አላበቃም፤ በ2024 ዓ.ም. አንድ ዳኛ ከሕጉ አብዛኛውን ሽሮ ነገሩ ወደ ይግባኝ ሄዷል።

ስለ ዕድሜያቸውም የሚያንሾካሹኩ ነበሩ። የረጅም ዘመን ሹም ጉዳቱ፤ ከበታቹ የሚያድገው ሰው በጥላው ሥር መቅረቱ ነው፤ ይህ ነቀፋ በሚስተር ሪሰር ላይ ሲቀርብ ሐሰት ነው ለማለት አይቻልም። ማርች 2020 ዓ.ም. ዳግመኛ እንደማይወዳደሩ ሲያስታውቁ 93ኛ ዓመታቸው ሊገባ ጥቂት ሳምንት ነበረው። ወንበሩ ነፃ መሆኑ እንደ ተሰማ፤ ከዚያው ከዴሞክራት ወገን ብቻ ሰባት ሰዎች ለመወዳደር ቀረቡ። የተመረጡት ወይዘሮ ኬልዳ ሮይስ፤ ሚስተር ሪሰር ምክር ቤት ከገቡ ከሃያ ዓመት በኋላ የተወለዱ ናቸው።