ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላስ?

«… ኤግዚቢሽን ዛሬ በድምቀት ተከፈተ። በመክፈቻ ሥነ ሥርዓቱ ላይ ተገኝተው ንግግር ያደረጉት ክቡር አቶ እገሌ እንደገለጹት፣ ኤግዚቢሽኑ ለአገራችን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዕድገት የጎላ አስተዋጽኦ ይኖረዋል። በሥነ ሥርዓቱ ላይ ከፍተኛ የመንግሥት ባለ ሥልጣናት፣ አምባሳደሮችና ጥሪ የተደረገላቸው እንግዶች ተገኝተዋል።»

ይህቺን ዜና ሰምቶ የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ! የቱ ኤግዚቢሽን እንደሆነ አልጻፍኩም፤ መጻፍም አያስፈልግም። ስሙንና ቀኑን እየቀየራችሁ ለዘንድሮም ለከርሞም ታነቡታላችሁ። የሚገርመው ደግሞ ዜናው ውሸት የለበትም። ሪባኑ ተቆርጧል፣ ክቡርነታቸው ተናግረዋል፣ እንግዶቹም መጥተዋል። ግን ውድ አንባብያን፣ አዳራሹ ውስጥ ምን ነበረ? ያየ ሰው ምን ተማረ? ያላየውስ ምን ቀረበት? ይሄንን ዜናው አይነግረንም። እኔም በዚህ ጽሑፍ ላነሳ የፈለግኩት ይህንኑ ነው፤ ምክንያቱም ነገ ዜናውን የምንጽፈው እኛው ነን።

አዲስ አበባ የዝግጅት ችግር የለባትም። በኅዳር 2011 ዓ.ም. መጨረሻ አካባቢ «መንገድ ለሰው» ተብሎ ዋና ዋና መንገዶች በእሑድ ቀን ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለልጆች ተከፍተው አየን። በሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተባለ። በታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ስትመጠቅ ለማየት ሰው በሌሊት እንጦጦ ተሰበሰበ። በመስከረም 2015 ዓ.ም. የሳይንስ ሙዚየም ተመረቀ። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ሁለተኛው የአፍሪካ የአየር ንብረት ጉባኤ እዚሁ ከተማችን ተካሄደ። በየመካከሉ ያሉት ኤክስፖዎች፣ የፈጠራ ውድድሮችና ዐውደ ጥናቶች ደግሞ ተቆጥረው አያልቁም።

ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። «ለምን ይዘጋጃል?» ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ከመጽሐፍ ላይ ብቻ የሚያውቀውን ነገር አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ነክቶ ሲወጣ የሚፈጠርበትን ስሜት በገንዘብ መተመን አይቻልም። ጥያቄዬ ለአዘጋጆቹ ሳይሆን ለእኛ ለብዕረኞቹ ነው።

አንድ ገጠመኝ ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት ለዜና አጻጻፍ ኮርስ ልምምድ እንዲሆነን ከክፍል ጓደኞቼ ጋር አንድ የቴክኖሎጂ ኤግዚቢሽን ሄደን ነበር። ካሜራው ሁሉ እንግዶቹን ተከትሎ ሲተም፣ ጥግ ላይ አንድ ወጣት በሠራው የጤፍ መውቂያ ማሽን አጠገብ ቆሟል። ጠጋ ብለን «ምን ይለየዋል?» ስንለው የነገረን ነገር እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። የስንዴ መውቂያ ለጤፍ አይሆንም አለን። ጤፍ እኮ ከመቶ በላይ ፍሬ ተሰብስቦ ነው አንዲት የስንዴ ፍሬ የሚመዝነው። ማራገቢያውን ጠንከር ካደረግከው ጤፉ ከገለባው ጋር አብሮ ይበናል፤ ቀነስ ካደረግከው ደግሞ ገለባው ከጤፉ ጋር ይቀራል። የልጁ የሁለት ዓመት ልፋት በሙሉ ያቺን መካከለኛ ነፋስ ለማግኘት ነበር። ማታ ዜናውን በጉጉት ጠበቅን። እንግዶቹ «የተለያዩ የፈጠራ ሥራዎችን ተዘዋውረው ጎበኙ» ተባለ። አለቀ። የዚያ ልጅ ነፋስ «የተለያዩ» በምትል አንዲት ቃል ውስጥ ተቀበረች።

ልብ በሉ፣ የጤፉ ታሪክ ከባድ ሳይንስ አይደለም። ገበሬው ይገባዋል፣ እናቴም ትረዳዋለች፣ ጤፍ የሚሸምት ሁሉ ያገባዋል። ዜናውም እሱ ነበር።

አሁን ወደ መረረው ልምጣ። በመጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ቀበረ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ቆሻሻ የተከመረበት ቦታ ነው። በዓመት ከምናምኑ፣ ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ላይ፣ እዚያው አጠገብ የረጲ የደረቅ ቆሻሻ ኃይል ማመንጫ በታላቅ ሥነ ሥርዓት ተመረቀ። በአፍሪካ የመጀመሪያው እንደሆነ፣ በቀን 1,400 ቶን ያህል ቆሻሻ እያቃጠለ መብራት እንደሚሰጥ ተነገረን። ጋዜጦችም በደስታ ጻፉ፤ ደስታውም የሚነቀፍ አልነበረም።

ግን አንድ ጋዜጠኛ በዚያ ቀን ምን መጠየቅ ነበረበት? እኔ የምለው ይሄንን ነው። የከተማችን ቆሻሻ አብዛኛው የምግብ ትራፊና እርጥብ ነገር ነው። እርጥብ ነገር ሲቃጠል ከሙቀቱ ብዙው ውኃውን ለማትነን ይሄዳል፤ እርጥብ ማገዶ ያነደደ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ «ለክረምቱ ምን ታስቧል? ቆሻሻው ከየቤቱ ተለይቶ ይመጣል ወይ? አመዱስ የት ይደፋል?» ብሎ መጠየቅ ምቀኝነት ሳይሆን ሙያ ነው። ከዚያም ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ ሄዶ «ዛሬ ስንት ቶን አቃጠላችሁ?» ማለት ነው። በምርቃቱ ዕለት የተነገረን ቁጥር የዕቅድ ቁጥር ነው። ዕቅድና ሥራ ደግሞ የሚገናኙት ሰው ተመልሶ ሲያያቸው ነው። ከመቶ በላይ ሰው በሞተበት መሬት ላይ ይህቺን ታህል ጥያቄ ብንነፍግ ለማን ነው የምንጽፈው?

የችግኙም ነገር እንደዚያው ነው። የተተከለውን ቁጥር ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ችግኝ ግን በተተከለ ቀን ገና ተስፋ ነው፤ ዛፍ የሚሆነው ክረምቱ አልፎ፣ በጋውን ችሎ፣ ከፍየል አፍ ተርፎ ነው። የዘገባው ትልቁ ቀን የሐምሌው ሳይሆን የሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ነው። በግንቦት ግን ማን ካሜራ ይልካል?

አንዳንዴ ደግሞ ማንም ሪባን የማይቆርጥለት የሳይንስ ዝግጅት ይመጣል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የሆነውን የፀሐይ ግርዶሽ አስታውሱ። ላሊበላ አካባቢ ፀሐይ የብርሃን ቀለበት ሆና ስትታይ እኛ አዲስ አበባ ያለነው በከፊል አየነው። ያን ቀን ሕዝቡ የሚፈልገው የባለ ሥልጣን ንግግር አልነበረም፤ ዓይኑን እንዳያጣ ነበር። በየሰፈሩ የራጅ ፊልም ይዞ የሚወጣ ነበር፣ የጠቆረ መስታወት የሚይዝም ነበር፤ ሁለቱም ዓይን አያድኑም። በወረቀት ላይ ቀዳዳ በስታችሁ፣ ለፀሐይ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ፣ ጥላውን ሌላ ወረቀት ላይ ተመልከቱ የምትል ሁለት መስመር ከአንድ ገጽ የፕሮቶኮል ዜና ትበልጣለች። ጋዜጠኝነት የሰውን ዓይን ማዳን የሚችልበት ቀን ብዙ አይደለም፤ ያ ግን አንዱ ነበር።

ስለ አየራችንም ልጨምር። «መንገድ ለሰው» ሲባል ልጆቹ ሲሮጡ፣ ሰው ሲጨፍር የሚያሳይ ፎቶግራፍ አይተናል፤ ደስ ይላል። ነገር ግን መኪና በሌለበት በዚያ ሰዓት አየሩ ምን ያህል ጠራ? በማግስቱ ሰኞስ ምን ሆነ? በዓይን የማይታየውን ደቃቅ ብናኝ የሚለካ መሣሪያ በአሜሪካ ኤምባሲ ግቢ ውስጥ ስለነበረ፣ ለዓመታት የአዲስ አበባን አየር መረጃ ማንም ሰው ማየት ይችል ነበር። በ2017 ዓ.ም. አሜሪካ በየአገሩ ካሉ ኤምባሲዎቿ የምታወጣውን ይህን መረጃ ማሰራጨት አቆመች። ለመሆኑ ስንቶቻችን ሰማን? ሚኒባስ ጭስ እየጠጣ ሥራ ለሚሄድ ሰው ከአንድ ኤክስፖ መክፈቻ ይልቅ ይሄ ዜና አይሆንም?

እዚህ ላይ የሚነሱ መከራከሪያዎች አሉ። ከጓደኞቼ ጋር ስንጨቃጨቅ ደጋግሜ ስለሰማኋቸው አልፌያቸው አልሄድም።

አንደኛው «ኤዲተሩ ነው የሚያስገድደን፤ የክቡርነታቸው ንግግር ካልቀደመ ዜናው አይወጣም» የሚል ነው። እውነት አለው። ሥራ ላይ ያሉ ወንድምና እህቶቻችን ይህን በምሬት ይነግሩናል። ግን ሁለተኛውን አንቀጽ ማን ከለከለ? ክቡርነታቸው ከፊት ይግቡ፤ የጤፉ ልጅ ደግሞ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ይከተል። ቦታ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በትእዛዝ ብቻ አይደለም፤ ጋዜጠኛው ራሱ ጥግ ላይ ያለውን ሰው ሳያናግር ቡናውን ጠጥቶ ስለሚመለስም ነው።

ሁለተኛው «እኛ የሳይንስ ተማሪዎች አይደለንም» የሚል ነው። እንዲያውም ጥሩ! ኳስ የሚዘግበው ሁሉ ኳስ ተጫዋች ነበር? ያልገባን መሆናችን የአንባቢው ወኪል ያደርገናል፤ ያልገባንን እንደገባን አድርገን ከጻፍነው ግን አንባቢውን ከዳነው ማለት ነው። ብሮሸሩ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መገልበጥ ማስረዳት አይደለም። «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» ብሎ መተርጎም ቀላል ነው፤ አስተውሎቱ ከየት መጣ፣ በማን መረጃ ሰለጠነ፣ አማርኛ ያውቃል ወይስ አያውቅም ብሎ መጠየቅ ነው ሥራው። «ዘላቂ ልማት»ም እንዲሁ በየባነሩ ላይ ተጽፎ ስናነበው የኖርን ቃል ነው። ለስንት ዓመት የሚዘልቅ? ለማን የሚለማ?

ሶፊያ የተባለችው ሮቦት በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትመጣ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። አማርኛ ትናገራለች ተብሎ ተጠብቆ፣ የአካሏ ክፍሎች ያሉበት ሻንጣ ፍራንክፈርት አየር ማረፊያ ላይ ጠፋ ተባለ። ወሬው ሁሉ ስለ ሻንጣውና ስለ ፊቷ ሆነ። ሶፍትዌሩ ላይ የአይኮግ ላብስ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች እንደሠሩበት ያወቀ ግን ጥቂት ነው። ሻንጣው ጠፋ፤ ዋናውን ዜና ግን የጣልነው እኛ ነን።

ሦስተኛውና በጣም የሚያናድደኝ «ሳይንስ ሰው አያነበውም» የሚለው ነው። ሰው ስለ ውኃው፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ልጁ ሳል፣ ስለ ጤፉ አያነብም? ሰው የሚሰለቸው «የጎላ አስተዋጽኦ»ን ነው። አልፈርድበትም!

ታዲያ ምን ይደረግ? ለመውቀስ ብቻ ብዕር አላነሳሁም፤ ሦስት ሐሳብ አለኝ። አንደኛ፣ ይህቺ መጽሔታችን «ከስድስት ወር በኋላ» የምትል አንዲት ገጽ ትኑራት። በየሴሚስተሩ አንድ የተመረቀ ወይም የተከፈተ ነገር መርጠን ተመልሰን እንሂድና ያየነውን እንጻፍ። ወጪው የታክሲ ነው። ሁለተኛ፣ ከሳይንስና ከኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ጋር በወር አንድ ቀን እንቀመጥ፤ እነሱ ያስረዱን፣ እኛ ደግሞ እናታቸው በሚገባት አማርኛ መጻፍን እናሳያቸው። ሦስተኛ፣ መምህራኖቻችንን በትሕትና የምንጠይቀው ነገር አለ፤ ለልምምድ ስንወጣ የመክፈቻውን ቀን ሳይሆን የሁለተኛውን ወይም የመጨረሻውን ቀን ዘገባ አምጡ በሉን። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ባለሙያው ትንፋሽ አግኝቶ ያወራል፣ ጎብኚውም እንደ ልቡ ይጠይቃል።

ይሄን ሁሉ የምለው ለወሬ አይደለም፤ ቀጠሮ ስላለብን ነው። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ብራዚል፣ ቤሌም ላይ በተካሄደው ጉባኤ፣ ሠላሳ ሁለተኛው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2027 አዲስ አበባ ላይ እንዲካሄድ ተወስኗል። ያኔ አሁን ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለነው የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች እንሆናለን። የዓለም ጋዜጠኛ ከነካሜራው ይመጣል፤ ስለ ድርቃችን፣ ስለ ወንዞቻችን፣ ስለ ቆሻሻችን በየቋንቋው ይጽፋል። እኛስ? «ጉባኤው በድምቀት ተከፈተ» ብለን የአገራችንን ታሪክ ከሌላ ሰው ልናነብ ነው? የአቃቂን ወንዝ ሽታ ከእኛ በላይ የሚያውቀው ማን ነው?

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። የቀረው ጊዜ አጭር ቢሆንም አሁን ከጀመርን ቀስ ብለን ለመታጠቅ ይበቃል። የሚቀጥለው ኤግዚቢሽን ሲከፈት ሪባኑን ለሌላው እንተውለትና ጥግ ላይ ወዳለው ሰው እንሂድ። ሐሳቤን የማይቀበል ካለ በሚቀጥለው እትም ይሞግተኝ፤ እኔም ለመማር ዝግጁ ነኝ።

ቸር እንሰንብት!