ተራ የማያውቅ ዝርዝር

የኮምፒውተር ክበባችን በስልክ የሚሠራ መተግበሪያ ከመሥራቱ በፊት፣ በሲ ቋንቋ የጋራ ዝርዝርን በሥርዓት ማንበብና ማረም እንዲማር እንፈልጋለን። ከወላጆች መካከል «ልጆቹ የሚታይ ነገር ሳያሳዩን ጠመኔ ይዘው ሳጥንና ቀስት ሲስሉ ይውላሉ» የሚሉ አሉ። ቅሬታው ይገባናል። ሳጥኑና ቀስቱ ይቅር በሚለው ግን አንስማማም፤ ምክንያታችንን እነሆ።

ሲ ቋንቋን ዴኒስ ሪቺ በአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሠራው። «አሮጌ ነው» የሚል ልጅ አይጠፋም፤ በኪሱ የያዘው አንድሮይድ ስልክ የተመሠረተበት ሊኑክስ ግን በአብዛኛው የተጻፈው በዚሁ አሮጌ ቋንቋ ነው። ሲ ለጸሐፊው ብዙ ነጻነት ይሰጠዋል፤ ሲሳሳት ግን አይነግረውም። ለማስተማር የመረጥነውም በዚህ ጠባዩ ነው።

ሳጥኖች ተሰልፈዋል እንበል። እያንዳንዱ ሳጥን አንድ ስም ይዟል፤ ከስሙ አጠገብ ደግሞ ቀጣዩ ሳጥን የሚገኝበት አድራሻ ተጽፏል። ዝርዝሩን የሚያነብ ፕሮግራም ከመጀመሪያው ሳጥን ተነሥቶ፣ አድራሻውን እየተከተለ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። አንባቢው አንድ ብቻ ከሆነ ምንም ችግር የለም። የዛሬ ፕሮግራም ግን በውስጡ በአንድ ጊዜ የሚሠሩ ብዙ ሠራተኞች አሉት። ባለሙያዎቹ ትሬድ ይሏቸዋል፤ እኛ በክፍል ውስጥ «ክር» እንላቸዋለን። ክሮቹ አንድ ማኅደረ ትውስታ ይጋራሉ። አንደኛው ክር ሦስተኛው ሳጥን ላይ ቆሞ ስሙን ሲያነብ፣ ሌላው ያንኑ ሳጥን ከሰልፉ አውጥቶ ቦታውን ቢለቅስ? የመጀመሪያው አሁን የቆመው የእሱ ባልሆነ ቦታ ላይ ነው። «ቀጣዩ የት ነው?» ብሎ ሲያይ የድሮውን አድራሻ ሊያገኝ ይችላል፤ ሌላ ሠራተኛ ለሌላ ጉዳይ የጻፈውን ቁጥርም ሊያገኝ ይችላል። ፕሮግራሙ እዚያው ቢወድቅ ይሻላል። የከፋው ሳይወድቅ፣ የተበላሸ ነገር ይዞ ሲቀጥል ነው። ጃቫ እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥመው ብዙውን ጊዜ ስሕተቱን ይናገራል፤ ሲ ዝም ይላል።

መድኃኒቱ ቁልፍ ነው፦ ዝርዝሩን የሚነካ ክር አስቀድሞ ቁልፉን ይይዛል፣ ሲጨርስ ይለቃል፣ ሌላው ይጠብቃል። ይህን ማንኛውም ተማሪ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይረዳዋል። የሚከብደው፣ ቁልፉ እስከ መቼ ይያዝ የሚለው ጥያቄ ነው። አንድ ላይብረሪ «ጨምር»፣ «አውጣ»፣ «ቀጣዩን ስጠኝ» የሚሉ ሦስት ትእዛዞች አሉት እንበል። ሦስቱም በየራሳቸው ቁልፉን ይይዛሉ፣ ይለቃሉ። ጸሐፊውም «ላይብረሪዬ ለብዙ ክር አስተማማኝ ነው» ብሎ ያውጃል። ግን አይደለም። በአንድ «ቀጣዩን ስጠኝ» እና በሚከተለው መካከል ቁልፉ ክፍት ነው፤ ሳጥኑም የሚነጠቀው በዚያች ክፍተት ነው። እያንዳንዱ እርምጃ ደኅና ሆኖ ጉዞው አደገኛ ነው ማለት ነው።

ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከሞያሌ በሜጋ አድርጎ ወደ ያቤሎ የተጓዘ ሁሉ ዱብሉቅን ያውቃል። ዘጠኙ ቱላ ከሚባሉት የቦረና ጥልቅ ኤላዎች የሚገኙበት ስፍራ ነው። ወጣቶች ጉድጓዱ ውስጥ ከታች እስከ ላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ ያወጣሉ። የትኛው መንጋ መቼ እንደሚጠጣ የሚያስከብር አባ ሄሬጋ የሚባል ሰው አለ። ልብ በሉ፤ ተራው የሚሰጠው ለባለመንጋው እንጂ ለአንዲት ላም አይደለም። ለእያንዳንዷ ላም ተራ ቢሰጥ ኖሮ መንጎች ገንዳው ላይ ይደባለቃሉ፤ የጠጣችውንና ያልጠጣችውን የሚለይም አይኖርም። የሲ ላይብረሪም አባ ሄሬጋ ያስፈልገዋል ብንል ባለሙያዎቹ የሚቀየሙን አይመስለንም። ተማሪዎቻችን ይህን ከአያቶቻቸው ሰምተውት አድገዋል፤ በኮምፒውተር ክፍል ሲያገኙት እንግዳ ሊሆንባቸው አይገባም።

ቁልፉን ለጉዞው ሁሉ መያዝም የራሱ ዋጋ አለው። አንባቢው ለእያንዳንዱ ስም በኔትወርክ መልእክት የሚልክ ከሆነ የቀሩት ክሮች ሁሉ ቆመው ይጠብቁታል። ላይብረሪው ቁልፉን እንደያዘ የእኛን ትእዛዝ ቢጠራና የእኛ ትእዛዝ ደግሞ ተመልሶ ከዚያው ዝርዝር «አውጣ» ቢል፣ ክሩ ራሱ የያዘውን ቁልፍ ለዘላለም ሲጠብቅ ሊቀር ይችላል። ሌላው መንገድ ቅጂ ነው፦ ቁልፉን ይዞ ዝርዝሩን መገልበጥ፣ ቁልፉን መልቀቅ፣ ከዚያ ቅጂውን በእርጋታ ማንበብ። መምህር የስም ዝርዝሩን ፎቶ ኮፒ አድርጎ ክፍል እንደሚገባው ማለት ነው። ቅጂው ግን ወዲያው ያረጃል፤ በአራት ሰዓት የተዛወረ ልጅ በአምስት ሰዓት ስሙ ይጠራል። በሲ ደግሞ አድራሻዎቹን ብቻ መገልበጥ ሳጥኖቹን መገልበጥ አይደለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሳጥን ስንት ሰው እንደያዘው ይቆጠራል፤ የመጨረሻው ሲለቀው ብቻ ይጠፋል። ከእነዚህ መንገዶች የትኛው «ትክክል» እንደሆነ ተማሪዎቻችንን አንጠይቅም። የመረጡትን መንገድና የሚያስከፍላቸውን ዋጋ እንዲናገሩ ግን እንጠይቃለን።

በስም አለመታለልም የትምህርቱ አካል ነው። ሊኑክስ ዝርዝር ለማንበብ ከሚጠቀምባቸው መሣሪያዎች አንዱ በስሙ ላይ «ሴፍ» የሚል ቃል አለበት። ደኅንነቱ ግን አንባቢው ራሱ በመንገዱ ላይ ሳጥን ሲያወጣ ብቻ ነው፤ ከሌላ ክር አያድነውም።

«ይህ ሁሉ ለምን? ፕሮግራሙ ተሞክሮ ከሠራ በቂ አይደለም?» ለሚለን፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 14 ቀን 2003 የሆነውን እንጠቅሳለን። በዚያ ቀን በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካና በካናዳዋ ኦንታሪዮ 50 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ መብራት ጠፋበት። ለመጥፋቱ ምክንያቶቹ ብዙ ነበሩ፤ አንዱ በኦሃዮ የነበረ የመቆጣጠሪያ ክፍል የማስጠንቀቂያ ሶፍትዌር ከአንድ ሰዓት በላይ ዝም ማለቱ ነበር። ኋላ ሲመረመር፣ ሁለት ሥራዎች አንድን የጋራ መረጃ በአንድ ጊዜ ለመጻፍ ገብተው አበላሽተውት፣ ፕሮግራሙም ማለቂያ በሌለው ዙር ውስጥ ሲሽከረከር ተገኘ። ያ ሶፍትዌር ከዚያ በፊት በልዩ ልዩ ቦታ በድምሩ ከሦስት ሚሊዮን ሰዓት በላይ ሲሠራ ይህ ጉድለት አንድም ጊዜ አልታየም ነበር። መሞከር መልካም ነው፤ እንዲህ ያለውን ጉድለት የሚያገኘው ግን አስቀድሞ በወረቀት ላይ ያሰበ ሰው ነው።

ሞያሌ ደግሞ ለዚህ ባዳ አይደለችም። በኬንያ በኩል ኤምፔሳ ከ2007፣ በኢትዮጵያ በኩል ቴሌብር ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሉ። አንድ ነጋዴ ከሁለት ደንበኞች በአንድ ቅጽበት ገንዘብ ሲላክለት፣ የሂሳቡ ቁጥር ሁለት እጆች የሚነኩት መዝገብ ነው። ልጆቻችን ነገ ከሚቀጠሩበት ሥራ አንዱ እንዲህ ያለውን መዝገብ መጠበቅ ይሆናል ብለን እናምናለን።

የክበቡ ኮምፒውተሮች ጥቂት መሆናቸው ለዚህ ትምህርት እንቅፋት አይሆንም። አሥር ተማሪ ይሰለፋል፤ እያንዳንዱ የሚቀጥለውን ልጅ ስም የጻፈበት ወረቀት ይይዛል። አንዱ ስም እየጠራ በሰልፉ ላይ ይሄዳል፤ ሌላው ደግሞ ሳይናገር ከመካከል ልጅ እያወጣ ይወስዳል። በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያ ተርም በክበቡ ሰዓት የምትመጡ ወላጆች ይህንን ታያላችሁ፤ ከፈለጋችሁም ቁልፉን የሚይዘው ሰው ከእናንተ መካከል ይሆናል።