የጠቆመን ሰው ቤቱ ገብቶ ይደር

ወደዚህ ኮሌጅ ከመምጣቴ በፊት አራት ዓመት በአንድ የክልል ከተማ በፓትሮል ፖሊስነት ሠርቻለሁ። ባለፈው ሴሚስተር መምህራችን «ፖሊስ ከኅብረተሰቡ መረጃ የሚሰበስብባቸውን መንገዶች ዘርዝሩ» ብለው ሲጠይቁ ክፍሉ በሙሉ እጁን አወጣ። የነዋሪዎች ስብሰባ፣ የአስተያየት ሣጥን፣ ነፃ የስልክ መስመር፣ እድር፣ የሰፈር ጥበቃ... ሰሌዳው ሞላ። «መረጃውን የሰጠው ሰው ከዚያ በኋላ ምን ይሆናል?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም። ይህችን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሳሁት ያን ቀን ዝም በማለቴ ነው።

በምሠራበት ቀጠና፣ ታክሲ መቆሚያው ጥግ፣ ሽንኩርትና ቃሪያ በጉልት የሚሸጡ አንዲት እናት ነበሩ። እሳቸው «ልጄ» ይሉኛል፣ እኔ «እማማ» እላቸዋለሁ። ጠዋት ስናልፍ ሰላም እላቸዋለሁ፣ እሳቸውም ስለ ሰፈሩ ያወሩኛል። ማን እንደታመመ፣ ማን ቤት እንደለቀቀ፣ የትኛው መብራት እንደተቃጠለ። እኔ ያኔ ይሄ «መረጃ መሰብሰብ» መሆኑን እንኳ በቅጡ አላወቅኩትም ነበር። በዚያ ሰሞን በታክሲ ግፊያ ውስጥ ሞባይል የሚሰርቁ ኪስ አውላቂዎች ሰፈሩን አስመርረውት ነበር። አንድ ቀን እማማ ቃሪያቸውን እየደረደሩ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ልጄ፣ እኔ ምንም አላልኩም፤ ግን ያንን የቆርቆሮ በር ሲመሽ እየተመላለሱ የሚያንኳኩት ልጆች እነማን ናቸው?» አሉኝ።

ነገሩን ለአለቃዬ ተናገርኩ። ከፍርድ ቤት የብርበራ ትእዛዝ ወጣ፣ ቤቱ ተፈተሸ፣ የተሰረቁ ስልኮች ተገኙ፣ ሰዎችም ተያዙ። ሁላችንም ደስ አለን። እስከዚህ ድረስ በየትምህርቱ የሚነገረው የኅብረተሰብና የፖሊስ መተባበር ማለት ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ግን ማንም ጥፋት ነው ብሎ አልነገረኝም። በማግስቱ ጠዋት ከባልደረባዬ ጋር የፓትሮሏን መኪና ጉልቱ ፊት ለፊት አቆምኩና ወርጄ እማማን በሁለት እጄ ጨበጥኳቸው። አምስት ኪሎ ሽንኩርትም ገዛሁ፤ እኔ ብቸኛ ሰው ነኝ፣ አምስት ኪሎ ሽንኩርት ምን ያደርግልኛል! ውለታ መመለሴ ነበር። ይህም አልበቃ ብሎ በዕለት ሁኔታ መዝገቡ ላይ «ታክሲ መቆሚያው ጋ ጉልት ከምትሸጥ ግለሰብ በተገኘ ጥቆማ» ብዬ ጽፌያለሁ። መዝገቡ ደግሞ የተጠርጣሪዎቹ ቤተሰቦች ስንቅ ይዘው በሚቆሙበት ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ይውላል።

ሳምንት አልሞላም። በመጀመሪያ ሰው ከእሳቸው መግዛት አቆመ። ቀጥሎ «የፖሊስ ጆሮ» የሚል ስም ወጣላቸው። አንድ ማታ ልጃቸው ከትምህርት ሲመለስ ተደበደበ፤ ማን እንደደበደበው «ያየ የለም»። ከዚያ ጉልቱ ባዶ ሆነ። ሌላ ሰፈር ዘመድ ጋ ገብተው እንደሆነ ሰምቼ ሲቪል ለብሼ ሄድኩ። እማማ አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ የነገርኩህ አይደለም የጎዳኝ፤ ሰላምታህ ነው» ብቻ አሉኝ።

እኔ ዛሬ የምከራከረው ለዚህች ቃል ነው። መረጃ ማግኘት የሥራው ግማሽ ነው። መረጃውን የሰጠን ሰው እንደ ወትሮው ወጥቶ የሚገባበት፣ ቤቱ ገብቶ የሚያድርበት ሁኔታ እስካልተጠበቀ ድረስ ሥራው ተሠርቷል ማለት አይቻልም፤ ሌባው ቢያዝም ቅሉ።

አንዳንድ የክፍል ጓደኞቼ «ኅብረተሰቡ ለምን አይተባበረንም? ለምን ይፈራል?» ሲሉ እሰማለሁ። የሚፈራው ምክንያት ስላለው ነው። በአገራችን ጥቆማ ረጅም ታሪክ አለው። በድሮው አውጫጪኝ ወይም አፈርሳታ ወንጀል ሲፈጸም የአገሩ ሰው በሙሉ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪወጣ ይያዝ ነበር። ያ ሥርዓት ሥራ የሚያስፈታና የሚያንገላታ ቢሆንም ጠቋሚ መሸሸግ እንዳለበት ያውቅ ነበር፤ አያቴ እንደሚነግሩኝ በምስጢር የሚናገረው ሰው «ወፍ» ይባላል እንጂ ስሙ አይነሳም። በሌላ በኩል ደግሞ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ የጎረቤት ጥቆማ የስንቱን ቤት ልጅ እንዳስበላ ወላጆቻችን ይነግሩናል። «ጆሮ ጠቢ» የምትለዋ ቃል እስከ ዛሬ ስድብ የሆነችው በከንቱ አይደለም። እንግዲህ አንዲት ጉልት ሻጭ ለፖሊስ አንዲት ነገር ስትናገር ይህን ሁሉ ሸክም ተሸክማ ነው የምትናገረው።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 443 ወንጀልን አለማስታወቅ የሚያስቀጣው በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ለሚያስቀጡት ከባድ ወንጀሎች ነው። ከዚያ በታች ላለው ዜጋው ቢናገር በበጎ ፈቃዱ ነው። በሌላ በኩል የጠቋሚዎችና የወንጀል ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ። አዋጁ በጎ ነው፤ ሆኖም የተዘጋጀው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት ሊያስፈርዱ ለሚችሉ ወንጀሎች ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 665 የሚታየው ተራ ስርቆት ግን ቢከብድ ከ5 ዓመት ጽኑ እስራት አያልፍም። ስለዚህ ፓትሮል ፖሊስ በየቀኑ የሚሰማው ጥቆማ፣ የሞባይሉ፣ የጫማው፣ የጋዝ ሲሊንደሩ፣ ከአዋጁ ውጪ ነው የሚወድቀው። ለዚያ ሰው ጥበቃ ማለት የፖሊሱ አፍና የፖሊሱ አረማመድ ብቻ ነው። ሕጉ ሳያስገድዳት በፈቃዷ ለተናገረች ሴት ያለብን ዕዳ በጣም ይበልጣል የምለውም ለዚህ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? በበኩሌ ከስህተቴ የተማርኩትን ላካፍል።

አንደኛ፣ ሰላምታ ለሁሉም ይሁን። ፓትሮል ላይ ያለ ፖሊስ ከሊስትሮው፣ ከወያላው፣ ከቆራሌው፣ ከሻይ ቤቷ፣ ከዘበኛው ጋር እኩል ሲያወራ ማን እንደነገረው አይታወቅም። ከአንድ ሰው ጋር ብቻ የሚያወራ ፖሊስ ግን ያንን ሰው በጣቱ እንደጠቆመ ይቆጠራል። ጥያቄያችንም «ሌባው ማነው?» ሳይሆን «የትኛው መንገድ ያስፈራል? ስንት ሰዓት ላይ?» ቢሆን ሰው ጎረቤቱን ሳያሳጣ የሚያውቀውን ይናገራል።

ሁለተኛ፣ ከመንቀሳቀሳችን በፊት «ይህን ነገር ስንት ሰው ያውቃል?» ብለን እንጠይቅ። ነገሩን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ በዚያ ላይ ተመሥርተን በር ስናንኳኳ የጠቋሚውን ስም ጮኸን እንደተናገርን ነው። ሁለት ቀን ቆይቶ፣ ቤቱን በራስ ዓይን አይቶ፣ ከሌላ አቅጣጫ አረጋግጦ መግባት ይቻላል። የእማማን ነገር ሳስብ ጥበቃ ቆመን በዓይናችን ማየት እንችል ነበር። አላደረግነውም፤ ቸኮልን።

ሦስተኛ፣ ስም በዕለት ሁኔታ መዝገብ ላይ አይጻፍ። ጠቋሚው በመለያ ቁጥር ተይዞ፣ ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚያሳየው ወረቀት በአንድ ኃላፊ እጅ ተቆልፎ ይቀመጥ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ጣቢያ ውስጥ አምስት ሰው ያወቀው ነገር ማታ ሰፈር ይደርሳል።

አራተኛ፣ ጠቋሚና ምስክር አንድ አይደሉም። ሰውየው ፍርድ ቤት ቀርቦ እንዲመሰክር የምንፈልግ ከሆነ ገና ከጅምሩ በግልጽ እንንገረው። «ማንም አያውቅም» ብሎ አናግሮ በኋላ መጥሪያ መስደድ ማታለል ነው። አንዴ የተታለለ ሰው ደግሞ ለአሥር ጎረቤት ይናገራል።

አምስተኛው ነገር ከሌላኛው ወገን ያለ ነው። ጠቋሚን መጠበቅ ማለት ጠቋሚን እንደ ወንጌል ማመን ማለት አይደለም። «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» ይላል የአገራችን ሰው። አንድ ጊዜ አከራይ ተከራዩን «የተሰረቀ ዕቃ ይሸጣል» ብሎ ጠቁሞን ልጁን ይዘን ሁለት ሌሊት አሳደርነው። በኋላ ስናጣራ የኪራይ ጭቅጭቅ ሆኖ ተገኘ፤ አከራዩ ቤቱ እንዲለቀቅለት ፈልጎ ነው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 22 ፖሊስ የደረሰው ክስ ወይም ጥቆማ ቢያጠራጥረውም እንኳ ምርመራ እንዲያደርግ ያዛል። ልብ በሉ፣ መርምር አለ እንጂ እሰር አላለም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ሲደነግግም 48ቱ ሰዓት ለፖሊስ የተሰጠ የማሰሪያ ፈቃድ አይደለም። «አይተሃል ወይስ ሰምተሃል? መቼ? ከሰውየው ጋር ምን አላችሁ?» የምትል ሦስት ጥያቄ ያንን ልጅ ሁለት ሌሊት ታድነው ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው ጠቋሚው ራሱ ሌባ ሲሆን ነው። በፓትሮል ቋንቋ «እሱን ተወው፣ ይሠራልናል» የምትባል ነገር አለች። ትንሿን ሌባ በነጻ እየለቀቁ ትልቁን ማስያዝ። ይህ መንገድ ወዴት እንደሚያደርስ ለማየት የአሜሪካኗን ቦስተን መመልከት ይበቃል። እዚያ ኤፍ ቢ አይ ጄምስ በልጀር የተባለ የወሮበሎች አለቃን ለዓመታት በመረጃ አቀባይነት ይዞት ነበር። ይዞታል የተባለው መርማሪ ጆን ኮኖሊ መጨረሻ ላይ የእሱ ጠባቂ ሆኖ አረፈው፤ ሊያዝ መሆኑን ነግሮ አስመለጠው፣ እ.ኤ.አ. በ2002ም ራሱ ጥፋተኛ ተባለ። በልጀር የተያዘው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በ11 ሰዎች ግድያ እጁ እንዳለበት ፍርድ ቤት አረጋገጠ። ነገሩ የተካሄደው በትልቅ ድርጅት ውስጥ ይሁን እንጂ ሥሩ ከእኛዋ «እሱን ተወው» አይለይም፤ አንድ ፖሊስና አንድ ጠቋሚ፣ መሐላቸው ሌላ የሚያይ ሰው የለም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ሕግ ለእያንዳንዱ ምስጢራዊ ጠቋሚ ሁለት ኃላፊ እንዲኖር ያደረጉት ለዚህ ነው፤ አንዱ በየዕለቱ የሚያገኘው፣ ሌላው ከበላይ ሆኖ አያያዙን የሚቆጣጠር። ይህን ለማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ሳጅንና አንድ ኢንስፔክተር በየጣቢያው አሉ።

እርግጥ የሚቃወመኝ ይኖራል። «የሰው ኃይል የለም፣ መኪና የለም፣ ሁለት ቀን ስንጠብቅ ዕቃው ይሸጣል፣ ሌባው ያመልጣል» የሚለኝ የቀድሞ ባልደረባዬ አሁን ይህን እያነበበ ሊሆን ይችላል። እውነቱን ነው፤ አንዳንዱ ያመልጣል። የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆንማ አንድ ደቂቃም አይጠበቅም። ግን እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። እኛ በዚያ ሰሞን ሌቦቹን ያዝን፤ እነሱ ቅጣታቸውን ጨርሰው ይወጣሉ። ከእማማ በኋላ ግን በዚያ ታክሲ መቆሚያ ለፖሊስ የሚናገር ሰው አልተገኘም። ሊስትሮው ሲያየኝ ብሩሹ ላይ ያቀረቅራል፣ ወያላው «እኔ ምን አውቃለሁ» ይላል። አንድ ቤት ፈትሸን አንድ ሰፈር ሙሉ ዘጋን። ይህ ትርፍ ነው ወይስ ኪሳራ?

ለትምህርት ክፍላችን አንዲት ሐሳብ አለችኝ። ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ወደ ፖሊስ ጣቢያዎች ሲወጡ በሚሞሉት ሪፖርት ላይ ስንት ጥቆማ እንደደረሰና ስንት ሰው እንደተያዘ ከመጻፍ ሌላ «የጠቋሚዎች ማንነት የሚያዘው እንዴት ነው? ማን ያውቀዋል? መዝገቡ የት ይቀመጣል?» የሚል ጥያቄ ይጨመር። ስም ሳይጠቀስ፣ አሠራሩ ብቻ። መልሱ ሲሰበሰብ ብዙ የምንማርበት ይመስለኛል። ለኮርሱም ከመረጃ መሰብሰቢያ መንገዶች ዝርዝር ቀጥሎ አንድ ክፍለ ጊዜ ስለ ጠቋሚ አያያዝ ቢሰጥ መምህሮቻችን ቅር እንደማይላቸው ተስፋ አደርጋለሁ።

በመጪው ክረምት ብዙዎቻችን ተመርቀን ወደየቀጠናችን እንመለሳለን። በየታክሲ መቆሚያው ቃሪያ የምትደረድር አንዲት እናት አለች። አንድ ቀን ቀና ሳትል አንዲት ነገር ትነግረን ይሆናል። ያን ጊዜ ሰምተን እንዳልሰማ እንለፍ፣ በማግስቱም ልክ እንደ ትላንቱ፣ ከሌላው ሰው ሳንለይ፣ ሰላም ብለን እንለፍ። ሽንኩርት የምንገዛም ከሆነ ግማሽ ኪሎ ይበቃናል።