ለልጆቻችን ዕረፍት የቀረበ አቤቱታ

ለትምህርት ቤቱ አስተዳደር
ግልባጭ፦ ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት

ጉዳዩ፦ በቴሌግራም የሚሰጠው ትምህርትና የቤት ሥራ በልጆቻችን ላይ እያደረሰ ያለውን ጭንቀት ይመለከታል

እኛ ስማችንና ፊርማችን ከዚህ ማመልከቻ ጋር የተያያዘው ወላጆችና አሳዳጊዎች የሚከተለውን በአክብሮት እናመለክታለን።

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲወሰን፣ መምህራኑ ወርክሺትና የድምፅ መልእክት በቴሌግራም እየላኩ ልጆቻችን ከትምህርት ጨርሰው እንዳይርቁ ደክመዋል። ውለታቸውን አንረሳም። ያኔም ቢሆን ግን ልጆቹ ተጎድተዋል። ወራቱን ሙሉ ጓደኛ ሳያዩ ከስልክ ጋር ተፋጥጠው ከርመው በ2013 ማስክ አድርገው በፈረቃ ሲመለሱ፣ ክፍል ውስጥ እጅ ማውጣት የፈሩ፣ ከእናታቸው ቀሚስ አንላቀቅም ያሉ ነበሩ። ይህን መምህራኑም ያውቁታል።

ትምህርት ቤቱ ተከፈተ፤ ቴሌግራሙ ግን እስከ ዛሬ አለቀቀንም። የቤት ሥራ የሚለጠፈው ከምሽቱ 2 እና 3 ሰዓት ላይ ነው። በብዙዎቻችን ቤት ያለው ስማርት ስልክ አንድ ሲሆን፣ እሱም ከአባት ጋር ሥራ ይውላል። አንዲት የ4ኛ ክፍል ልጃችን አባቷ ታክሲውን አቁሞ እስኪገባ በር በሩን እያየች እራት አይወርድላትም። ሲገባም ባትሪው አልቋል፣ ወይም ኔትወርክ የለም። እንደምንም ፎቶ አንስታ የላከችው ደብተር «አይነበብም፣ ድገሚው» ተብሎ ሲመለስ 5 ሰዓት ይሆናል። ጠዋት ደግሞ «ያላስገቡ» ተብሎ ስሟ ወላጅ ሁሉ በሚያየው ግሩፕ ላይ ይወጣል። ይህች ልጅ እሑድ እሑድ ማታ ሆዷን ያማታል። ሐኪም ቤት ተወስዳ ምንም አልተገኘባትም። እንዲህ ያለው ሕመም የጭንቀት ምልክት ሊሆን እንደሚችል ሐኪሞች ይናገራሉ፤ እኛም ቤታችን ውስጥ እያየነው ነው።

ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት ይገባዋል። ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኝቶ፣ ሰርቪስ እንዳያመልጠው 11 ሰዓት ተኩል የሚቀሰቀስ ልጅ 7 ሰዓት እንኳ አይሞላለትም።

ጉዳዩን ለሆም ሩም መምህራን በቃል ስናነሳ ያገኘነው መልስ «ሁሉም ትምህርት ቤት እንዲሁ ነው» የሚል ነበር። አላጠገበንም።

ስለዚህ የቤት ሥራ ክፍል ውስጥ ተሰጥቶ በደብተር እንዲታረም፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ፣ እንዲሁም ቅዳሜና እሑድ በግሩፑ ምንም እንዳይላክ፣ ለተጨነቁት ልጆችም የሥነ ልቦና አማካሪ እንዲመደብ በትሕትና እንጠይቃለን። በእነዚህ ላይ ቁጭ ብለን ለመመካከር ዝግጁ ነን። የልጆችን ስም በግሩፕ መለጠፍ ግን ምክክር የሚያስፈልገው ጉዳይ አይደለም፤ ከዛሬ ጀምሮ ይቁምልን።

እስከሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ድረስ መልሱን በጽሑፍ እንድትሰጡን እየጠየቅን፣ ምላሽ ካላገኘን አቤቱታችንን ለክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ለማቅረብ የምንገደድ መሆኑን ከወዲሁ እናሳውቃለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አመልካች ወላጆችና አሳዳጊዎች