ኢዮቤልዩ በመጠለያ፦ የጾሬ ትምህርት ቤቶች ምን ያክብሩ?

በኢትዮጵያ ዘመናዊ ትምህርት ከተተከለ ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ በመቆጠሩ፣ ነባር ትምህርት ቤቶች የተመሠረቱበትን ሃያ አምስተኛ፣ ሃምሳኛና ሰባ አምስተኛ ዓመት፣ በተለምዶ የብር፣ የወርቅና የአልማዝ ኢዮቤልዩ እየተባለ በሚጠራው በዓል መዘከራቸው የተለመደ ሆኗል። በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትና በ1917 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሁለቱም መቶ ዓመት ሞልቷቸዋል፤ በታኅሣሥ 1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆኖ የተወለደው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ሰባ አምስት ዓመት ደፍኗል። እነዚህን ተቋማት የሚያውቅ አንባቢ የምሥረታ በዓል ሲባል በሐሳቡ የሚመጣለት በአንጋፋ ግቢ የተሰበሰቡ ስመ ጥር የቀድሞ ተማሪዎች፣ በቀለም የታደሱ ግድግዳዎችና በጥራዝ የታተመ መጽሔት ነው። በአሶሳ ዞን በሚገኘው በጾሬ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ላለ ትምህርት ቤት ግን በዓሉ ሌላ ትርጉም ይኖረዋል፤ በዚያ ዓመት በተጨመረ ቁጥር የትምህርት ቤቱ ዕድሜ የሚያድገው የተማሪዎቹ ስደት እየረዘመ ነውና።

ይህ እውነት በዓሉን ማክበር አይገባም ወደሚል መደምደሚያ አንዳንዶችን ሊወስድ ይችላል። መጠለያ ጊዜያዊ ነው፣ ለጊዜያዊ ነገር የልደት ቀን አይቆረጥለትም የሚለው ክርክር ላይ ላዩን ሲታይ የሚያሳምን ይመስላል። ነገር ግን እንዲህ ያለው አስተያየት በመጠለያ ውስጥ ፊደል ቆጥሮ፣ በዚያው ስምንተኛ ክፍል ደርሶ፣ ከአቻዎቹ ጋር ኳስ ተጫውቶና ከሚኒ ሚዲያ ክበብ ፊት ቆሞ ግጥም ያነበበን ልጅ የልጅነት ዘመን ከቁጥር ያወጣዋል። ለዚያ ልጅ ጊዜያዊ የሚባል ትምህርት ቤት አልነበረውም፤ የነበረው አንድ ትምህርት ቤት ነው፣ እሱም ይኸው ነው። ስለዚህ የጾሬና የአካባቢው መጠለያ ትምህርት ቤቶች በዓላቸውን ሊያከብሩ ይገባል፤ ጥያቄው ምን ያክብሩ፣ እንዴትስ ይዘጋጁ የሚለው ነው።

የጾሬ የትምህርት ቤት ማኅበረሰብ፣ ማለትም ተማሪው፣ መምህሩ፣ ወላጁና በዙሪያው ያለው ነዋሪ በአንድነት ሲታዩ የሚፈጥሩት አካል፣ የተገነባው በድንበሩ ማዶ በተከሰቱ ጦርነቶች ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2011 በሱዳን የብሉ ናይል ግዛት የተቀሰቀሰው ውጊያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን በኩርሙክ በኩል ወደ ቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል አሻገረ፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም የጀመረው ጦርነት ደግሞ በዚያው መንገድ ሌሎችን አስከተለ። ከተሻገሩት መካከል በርታዎች ይገኛሉ፤ የበርታ ሕዝብ ከወሰኑ በሁለቱም ወገን የሚኖር ነውና፣ ስደተኛው ልጅና በአጎራባች ቀበሌ የተወለደው ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የሚግባቡበት ጊዜ ብዙ ነው። የምሥረታ በዓል ሲታቀድ ይህ ዝምድና ከጌጥነት አልፎ የዝግጅቱ መሠረት መሆን አለበት።

የሕጉም መሠረት የተጣለ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ዕውቅና ያገኘ ስደተኛ የቅድመ መደበኛና የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን ከኢትዮጵያዊ ዜጋ ጋር በእኩል ሁኔታ እንዲያገኝ ይደነግጋል፤ የሁለተኛ ደረጃውንና ከዚያ በላይ ያለውን ግን ካለው አቅም ጋር ያያይዘዋል። በዚህ ልዩነት ውስጥ የመጠለያ ትምህርት ቤቶች ትልቁ ፈተና ተቀምጧል፤ ታች ክፍሎች ሞልተው ላይኛዎቹ የሚሳሱት፣ ብዙ ልጆችም ከስምንተኛ ክፍል በኋላ የሚሄዱበት የሚያጡት እዚህ ላይ ነው። አንድ ትምህርት ቤት በበዓሉ ቀን ስንት ተማሪ አንደኛ ክፍል እንዳስገባ ብቻ ተናግሮ ስንቱን ለሁለተኛ ደረጃ እንዳበቃ ካልተናገረ ሪፖርቱ ጎደሎ ነው።

ከሁሉም ይልቅ በሰፊው መነገር ያለበት ግን የመዝገብ ጉዳይ ነው። በአገሪቱ ትምህርት ቤቶች አሠራር የአንድ ተማሪ ታሪክ በጥቂት ወረቀቶች ላይ ያርፋል። የመጀመሪያው ሮስተር ነው፤ ይኸውም የአንድ ክፍል ተማሪዎች ስምና በየትምህርት ዓይነቱ ያገኙት ውጤት፣ ድምርና ደረጃ በአንድ ሰፊ ሰንጠረዥ ላይ የሚሰፍርበት ሰነድ ነው። ከእርሱ የተቀዳው ካርድ ወደ ወላጅ ይሄዳል፤ ተማሪው ሲዛወር ወይም ሲያጠናቅቅ ደግሞ የዓመታቱን ውጤት አጠቃልሎ የያዘው ትራንስክሪፕትና መሸኛው ይሰጠዋል። በአንድ የከተማ ትምህርት ቤት ካርድ የጠፋበት ተማሪ ወደ ሪከርድ ክፍል ሄዶ ሮስተሩን ማስፈለግ ይችላል። ከመጠለያ ወጥቶ በሦስተኛ አገር የሠፈረ፣ ወደ ትውልድ መንደሩ የተመለሰ፣ ወይም ከአንዱ መጠለያ ወደ ሌላው የተዛወረ ወጣት ግን የሚመለስበት ክፍል ላይኖረው ይችላል፤ ሮስተሩ ከጠፋ የተማረባቸው ዓመታት በማስረጃ ረገድ እንዳልነበሩ ይቆጠራሉ።

ይህ በምናብ የተፈጠረ ሥጋት አይደለም። በጥር 2014 ዓ.ም. በክልሉ በተቀሰቀሰ የትጥቅ ግጭት የቶንጎ መጠለያ ተዘርፎ ተቃጥሏል፤ ከቶንጎና ከጉሬ ሸምቦላ መጠለያዎች የሸሹ ከ20,000 በላይ ስደተኞችም አብዛኞቹ በጾሬ አቅራቢያ ተጠልለዋል። አንድ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ሲሰደድ በእጁ የሚይዘው ጥቂት ነው፤ የልጁ ካርድ ከጥቂቱ አንዱ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ጾሬ እነዚህን ሰዎች ሲቀበል ከየትኛው ክፍል እንደመጡ በምን ተረጋገጠ፣ ማስረጃ ያጡትስ ወደ ኋላ ተመልሰው እንዲማሩ ተደረጉ ወይስ በፈተና ተመደቡ የሚለው፣ የዚያን ዓመት ርእሳነ መምህራንና መምህራን ከነሙሉ ትዝታቸው ጠይቆ መጻፍ የሚገባው ታሪክ ነው። የበዓል ኮሚቴ ሥራውን ከዚህ ቢጀምር ከማንኛውም የመድረክ ማስጌጫ የሚበልጥ ነገር ያበረክታል።

በመዝገቡ ላይ የስም አጻጻፍም ይጨመር። ከዐረብኛ፣ ከበርታ ወይም ከሌሎች የብሉ ናይል ቋንቋዎች የመጣ ስም በፊደልና በላቲን ሲጻፍ ከጸሐፊ ጸሐፊ ይለያያል፤ በስደተኛ መታወቂያው ላይ አንድ ዓይነት፣ በሮስተሩ ላይ ሌላ ዓይነት፣ በፈተና ቅጹ ላይ ሦስተኛ ዓይነት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ልዩነቱ አንዲት ፊደል ብትሆንም እንኳ የአንድ ሰው ሰነዶች የአንድ ሰው መሆናቸውን ማስረዳት ለተማሪው አድካሚ ይሆናል። በዓሉን ምክንያት አድርጎ የቀድሞ ተማሪዎችን ስም ከወላጆቻቸው ጋር ተቀምጦ ማረም፣ አርሞም በወረቀትና በኮምፒዩተር በሁለት ቦታ፣ አንዱን በትምህርት ቤቱ፣ ሌላውን በአሶሳ ማስቀመጥ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ይህ ሥራ ሰው ይፈልጋል፤ ለዚህም በሁለተኛ ደረጃ ያሉ ተማሪዎችና በአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ያሉ የትምህርት ክፍሎች ሊተባበሩ ይችላሉ።

ስለ ስኬት ሲነሳ መለኪያውን አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል። አገር አቀፉ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በአዲስ አሠራር መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት በመጀመሪያው ዓመት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በዚህ ሚዛን ብቻ ቢለካ በአዲስ አበባ ያሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች እንኳ የሚያከብሩት አይኖራቸውም። ይህ ማለት ፈተናው ይናቅ ማለት አይደለም፤ ውጤቱ በበዓሉ ቀን በግልጽ ሊነበብ ይገባል፣ መደበቁም ማኅበረሰቡን ማታለል ነው። ነገር ግን በመጠለያ ውስጥ ሌሎች ስኬቶችም አሉ፤ ሰባተኛ ክፍል ላይ ሳትዳር የቀረች ልጅ፣ ትምህርቷን ጨርሳ በዚያው ግቢ ያስተማረች ወጣት፣ ካለው የመምህር እጥረት ጋር በማበረታቻ ክፍያ ብቻ፣ ማለትም ከመደበኛ ደመወዝ በእጅጉ በሚያንስ ወርኃዊ አበል፣ ዓመታት ያስተማረ ስደተኛ መምህር፣ እነዚህ ሁሉ በስም ሊጠሩ የሚገባቸው ናቸው። በተለይ ስደተኛ መምህራን የሚገባቸውን ምስጋና እስካሁን በበቂ ሁኔታ አላገኙም።

የቋንቋ ጉዳይም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ማለትም ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ጎልማሶችን ለማስተማር በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው እንቅስቃሴ፣ በ15 ቋንቋዎች የተሰጠ ቢሆንም በርታም ሆነ ጉሙዝ ከእነርሱ መካከል አልነበሩም። የቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል በበርታ፣ በጉሙዝና በሺናሻ ቋንቋዎች የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጅቶ በታች ክፍሎች ማስተማር የጀመረው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው፤ እያንዳንዱ ቋንቋ የራሱን መምህር፣ የራሱን መጽሐፍና የራሱን አንባቢ ማፍራት ነበረበት። በአሶሳ አካባቢ ደግሞ ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ከወሎ መጥተው የሠፈሩ ቤተሰቦች ልጆችና የልጅ ልጆች አሉ፤ እነርሱም ወላጆቻቸውና አያቶቻቸው ተፈናቅለው በሠፈሩበት አዲስ ምድር ትምህርት ቤት የጀመሩ ናቸው። እንግዲህ በጾሬ የሚከበር በዓል ስለ መሰደድ ለማያውቅ ሕዝብ አይነገርም፤ በአካባቢው ያለው ነዋሪም ከመፈናቀል የተወለደ የትምህርት ታሪክ አለው፤ ሁለቱ በአንድ መድረክ ቢነገሩ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ።

ስለ ዝግጅቱ ተግባራዊ ነገሮችም መነገር አለባቸው። በብዙ ትምህርት ቤቶች የወላጆች ቀን የሚውለው በሰኔ ማብቂያ ነው፤ በአሶሳ አካባቢ ግን ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅና አርሶ አደሩ ወላጅ በዚያ ወቅት እርሻ ላይ ስለሚሆን፣ በዓሉ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ፣ በታኅሣሥ ወይም በጥር ቢሆን ይሻላል። አብዛኛው ማኅበረሰብ ሙስሊም በመሆኑም ቀኑ ከረመዳን ጾም ጋር እንዳይጋጭ የሒጅራውን አቆጣጠር አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። እነዚህ ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮች ወላጅ ወደ ግቢው እንዲመጣ ወይም እንዳይመጣ የሚያደርጉ ናቸው፤ ውሳኔውም በወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት፣ በምኅጻረ ቃል ወመተህ በሚባለው አካል እንጂ በውጭ ድርጅት መሆን የለበትም።

ከመድረኩ ዝግጅቶች ውስጥ አንዱ ሊቀር አይገባም፤ እርሱም የበርታዎች ዋዛ ነው። ዋዛ ከቅል የተሠራ ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ ሲሆን እያንዳንዱ ነፊ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማው የሚሟላው ሁሉም በየተራቸው ሲነፉ ነው። በድንበሩ በሁለቱም በኩል የሚታወቅ በመሆኑ፣ የመጠለያውና የአጎራባች ቀበሌ ተማሪዎች ተቀላቅለው ከሽማግሌዎች ተምረው ቢያቀርቡት፣ ልምምዱ ራሱ የብዙ ሳምንት የአብሮነት ትምህርት ይሆናል። ገንዘብን በተመለከተ ግን ቁጥብ መሆን ያስፈልጋል፤ ለቲሸርት፣ ለባነርና ለድንኳን ኪራይ የሚወጣው ከበዓሉ ማግሥት የማይታይ ወጪ ሲሆን፣ ያው ገንዘብ ለቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ፣ ለሴት ተማሪዎች መጸዳጃ ቤት ወይም ለመዝገቡ ሥራ ቢውል ለዓመታት ያገለግላል።

በዚያው በአሶሳ ዞን ያለው የሸርቆሌ መጠለያ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1997 በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ2027 ሠላሳ ዓመት ይሞላዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ያን ጊዜ ወደ አርባ ዓመት እየተጠጋ ይሆናል። የክልሉ ትምህርት ቢሮ፣ የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት እንዲሁም የሸርቆሌና የጾሬ ወመተህ አባላት ለዚያ ዓመት የድግስ ኮሚቴ ከማቋቋማቸው በፊት የስም መዝገብ ኮሚቴ ያቋቁሙ፤ ሮስተሮቹን ከየሳጥኑ አውጥተው ዛሬውኑ መገልበጥ ይጀምሩ፤ በእነዚህ ትምህርት ቤቶች የተማረ፣ ያስተማረ ወይም ልጁን ያስተማረ ሰውም በእጁ ያለችውን ካርድ ወይም ፎቶግራፍ ለመዝገቡ ያስረክብ።