ከመኪናው ሥር ያለውን ብረት ማን ይየው?

ኢሉባቦር ዝናብ አያጣም። ጎሬ በአገራችን ብዙ ዝናብ ከሚወርድባቸው ከተሞች አንዷ ናት፤ ከመቱም የምትርቀው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በያዮ፣ በሁሩሙ ወይም በቡሬ በኩል ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ ቡና ወዳለበት ቀበሌ የገባ ሚኒባስ ጭቃ ተሸክሞ ይመለሳል። ጭቃው ቀለም ብቻ ቢያበላሽ ምን ነበረበት? ጣጣው ከሥር ነው።

የዶልፊንም ሆነ የአባዱላ የፊት እግሮች የሚያያዙት ከሥር ከግራ ወደ ቀኝ በተጋደመው ብረት ላይ ነው። ጎማ ጉድጓድ በመታ ቁጥር ዱላውን የሚቀበለው እሱ ነው። ጭቃ መጋጠሚያው ላይ ተጠቅጥቆ ርጥበት ይይዛል፣ ዝገት ብረቱን ይበላዋል፣ ከዚያ ቡሎኑ በሚታሰርበት በኩል ይሰነጠቃል። ፍሬን ሲያዝ “ጓ” ይላል፣ መሪው ወደ አንድ ወገን ይስባል፣ የፊት ጎማ ባንድ ጎኑ ብቻ ያልቃል። ሾፌሩ ግን ጎማ ቀይሮ ይሄዳል። በሽታው ሌላ፣ መድኃኒቱ ሌላ!

ጋራዥ ሲገባስ? ስንጥቁ ላይ ብየዳ ደረብ፣ ጥቁር ቀለም ቀባ፣ “በል ንዳ!” ቁስል ሳያጥቡ ማሰር ይሏል ይኼ ነው። ዝገት ያሳሳው ብረት ብየዳ አይዝም፤ ከጎኑ እንደገና ይሰነጠቃል። እንዲህ ያለው ይቀየራል እንጂ አይበየድም። ብረቱ ጤነኛ ሆኖ ስንጥቅ ብቻ ከወጣበት ደግሞ ወግ አለው። መኪናው በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጠንካራ ድጋፍ ላይ ይቆማል፤ ባትሪው ይፈታል፤ የነዳጅና የፍሬን ቱቦው ከእሳቱ ይርቃል፤ የስንጥቁ ጫፍ ይበሳል፤ እስከ ሥሩ ይሞረድና ይበየዳል። በመጨረሻም አላይመንቱ ይለካል።

ባለንብረቱም ቢሆን “ዕለታዊ ገቢዬን” ከማለቱ በፊት በክረምት በየሳምንቱ ሥሩን ያሳጥብ፣ በባትሪ መብራት ይይ። ወጪው ውኃና ትንሽ ጊዜ ነው።

ወደ መንግሥት እንምጣ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 681 ተሽከርካሪ በየዓመቱ እንዲመረመር አዝዟል። መልካም። ግን ምርመራው መብራትና ጥሩምባ ማየት ብቻ ከሆነ ቦሎው የመስታወት ጌጥ ነው። ለመሆኑ መርማሪው ከመኪና ሥር የሚገባበት ጉድጓድ ተቆፍሮለታል?

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጫነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች አገር እንዳይገቡ ታገደ። እንግዲህ ያለው መኪና እያረጀ ይሠራል ማለት ነው። “ሌላ አታስገባ” ያለ አካል ያለው ደህና መሆኑን የማየት ግዴታ የለበትም?

የሚሰበረው ብረት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍን። በላዩ ሰው ተሳፍሯል!